የእትዬ ጀርባ መስኮት

በያጁን ሰፈሩ ሁሉ ጥቅሻ ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ምክንያቱ ግን ለማንም ግልጽ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የብየዳ ብርሃን የመታት ግራ ዐይኑ በራሷ ጊዜ ክድን ትላለች። አዲስ ደንበኛ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቆይቶ ይገባታል፣ ከዚያ ትስቃለች። የገዛ ሚስቱ እንኳ ያኔ ገና ሳይጋቡ "መንገድ ለመንገድ የሚጠቅስ ወንድ አላናግርም" ብላ ሦስት ወር ዘግታው ነበር።

ጥቅሻ ሰው ቤት ሲገባ ከሰው በፊት የሚያየው በሩን ነው። ግብዣ ተጠርቶም ይሁን የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ፣ ማጠፊያውን በአውራ ጣቱ ዳበስ፣ መቀርቀሪያውን ገፋ መለስ ያደርግና "ይሄን የበየደው ማነው? እጁ ይንቀጠቀጣል መሰለኝ" ይላል። ሚስቱ በክርኗ ጎኑን ትለዋለች። "መጀመሪያ እንደምን ዋላችሁ ይባላል!"

ሚስቱ የምትሠራው ከወርክሾፑ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። በዚያ ቤት የፀጉር ማድረቂያው ሊበላሽ፣ ውሃውም ሊጠፋ ይችላል፤ የእትዬ ወሬ ግን አይጠፋም። እትዬ በሳምንት ሦስት ቀን በማኅበራዊ ገጿ ላይ ብቅ የምትል መካሪ ናት። ብቅ ትላለች ይባል እንጂ ፊቷን ያየ የለም። ከአናቷ እስከ ትከሻዋ ሰፊ ጥቁር ሻርፕ ትከናነብና ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ፣ ወደ መስኮት ዞራ ትቀመጣለች። ድምጿንም በስልክ ስለምትቀይረው በቧንቧ ውስጥ አልፎ የመጣ ይመስላል። ሰው ጽፎ የላከላትን የትዳር ችግር ታነባለች፣ ከዚያ ትመልሳለች። የገጿ ስም "የእትዬ ምክር" ነው፤ ሕዝቡ ግን እትዬ ጀርባ ይላታል። ስልሳ ሺህ ሰው ይከተላታል። ማን እንደሆነች የሚያውቅ አንድም የለም።

ለዚህም ነው ፀጉር ቤቱ ውስጥ ግምት የማያልቀው። የቤቱ ባለቤት "ዳኛ ናት፣ አትጠራጠሩ" ትላለች። ጥፍር የምትሠራዋ "ኧረ ሐኪም ናት፤ ንግግሯ እንደ መርፌ ነው፣ ጠቅ ያደርግና ያድናል" ባይ ናት። የጥቅሻ ሚስት ደግሞ የሁሉንም ሰምታ ማታ ለባሏ ታቀርባለች፤ እሱ "እህም" እያለ ይበላል።

አንድ ቀን እራት ላይ ሚስቱ ስልኳን ውሃ መቅጃው ላይ አስደግፋ የእትዬን አዲስ ቪዲዮ ከፈተች። የዕለቱ ጠያቂ አማቷ ሳታንኳኳ መኝታ ቤት እየገባች ያስቸገረቻት ሴት ነበረች።

"ልጄ፣" አለች እትዬ በዚያ በቧንቧ ድምጿ፣ "አማትሽን ከማረምሽ በፊት ባልሽን ተመልከቺው። እናቱ ስትገባ ደንግጦ ብርድ ልብሱን የሚስብ ከሆነ ተስፋ አለው። 'ግቢ እማዬ' የሚል ከሆነ ግን ችግርሽ አማትሽ አይደለችም።"

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች። ቀጥላ ከሥር የተጻፈውን ኮሜንት ታነብ ጀመር፤ አንዱ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ።

"ስማ ይሄን ባለጌ! 'ሚስቴን ከቤት ያስወጣሻት አንቺ ነሽ። የት እንደምትኖሪ አገኘዋለሁ፣ ጠብቂኝ።' ሲጽፍ ይሄ ሦስተኛ ጊዜው ነው።"

ጥቅሻ አልሰማትም። ዐይኑ ከሻርፑ አልፎ መስኮቱ ላይ ተተክሏል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። በፍርግርጉ መካከል ከላሜራ የተቆረጠ ባለ አራት ቅጠል አበባ አለ። ሦስቱ ቅጠሎች ጫፋቸው ወደ ውጭ ነው። የግራ የታችኛው ግን ተገልብጦ ተበይዷል።

ዳቦው ጉሮሮው ላይ ቆመ።

"ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ ጀርባውን እየደቃች።

"ትንታ ነው።"

ትንታ አልነበረም። ያ የተገለበጠ ቅጠል የእሱ እጅ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ለአንድ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ ሃያ አራት ፍርግርግ ሠርቶ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም መካከላቸው ላይ አበባ። ከሃያ አራቱ በአንዱ ላይ አንድ ቅጠል ገልብጦ መበየዱን ያየው ቀለም ተቀብቶ፣ ግድግዳው ላይ ተቀብሮ፣ ሲሚንቶው ከደረቀ በኋላ ነው። ማንም ሳያይ ይለፍልኝ ብሎ ተሳለ። ማንም አላየም። የየትኛው ቤት መስኮት እንደነበር ግን ረስቶታል።

ለሚስቱ አልነገራትም። ሚስቱን ይወዳታል፤ ያውቃታልም። ዛሬ ማታ የሰማችው ነገር ነገ እኩለ ቀን ላይ ስንት ራስ ላይ ተጎንጉኖ እንደሚወጣ ያውቃል።

በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ እግሩ በራሱ ወደዚያ ሕንጻ መራው። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ራሱን አልጠየቀም፤ እንዲያው ሳያውቅ መቅረት አላስችል አለው። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ይቆጥር ያዘ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት አየችውና ገብታ መጋረጃዋን ሳበች። ወዲያው ዘበኛው መጣ።

"ወንድም፣ ማንን ነው የምትጠቅሰው?"

"ማንንም። ፍርግርጉን ነው የማየው። እኔ ነኝ የሠራሁት።"

"ናፈቀህ?"

ጥቅሻ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት አገኘው። ሦስተኛ ፎቅ፣ የቀኝ ዳር። አበባው፣ የተገለበጠው ቅጠል፣ ከኋላው ስስ ነጭ መጋረጃ። ደስታው እንደ ልጅ ዘለለበት። ስልሳ ሺህ ሰው የሚጠይቀውን እሱ ብቻውን አወቀ! ዘበኛውን አመስግኖ፣ ለምን እንዳመሰገነው ሳይነግረው፣ መንገዱን ተያያዘው።

ደስታው ግን እስከ መታጠፊያው እንኳ አላደረሰውም። ያ ሚስቱ ያነበበችለት "ጠብቂኝ" የሚል ኮሜንት ትዝ አለው። እኔ በአንድ ቅጠል ካገኘኋት፣ አለ ለራሱ፣ ያኛውስ? የሕንጻው ተከራይ የሆነ ሰው፣ መስኮት የሚያጥብ ሰው፣ ማዶ የሚኖር ሰው ቢያየው? ሴትዮዋ ፊቷን ሸፍና ቤቷን ገልጣ ተቀምጣለች።

ወርክሾፑ ተመልሶ ስልኩን አወጣ። ጥቅሻ በብረት እንጂ በቃል የሚታማ ሰው አይደለም፤ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። "ጥቅሻ የብረታ ብረት ሥራ" በሚለው በራሱ ገጽ በኩል እንዲህ ብሎ ላከላት፦ "እትዬ ቤትሽን አውቄዋለሁ። ሦስተኛ ፎቅ የቀኝ ዳር ነው። መስኮቱን ሸፍኚው።" አንብቦ ጥሩ ነው አለ። አጭር፣ ግልጽ። የጽድቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ልቡ ቀለል ብሎት ቤቱ ገባ።

ጠዋት ሲያይ ብሎክ ተደርጓል።

በዚያ ሳምንት የእትዬ ቪዲዮ አልመጣም። ገጿ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ተለጥፎ ነበር፤ "ቤቴን እንደሚያውቅ የገለጸ ሰው መልእክት ስለላከልኝ ለጊዜው አቋርጫለሁ። ደህና ሁኑ።" ፀጉር ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሚስቱ እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ምን ዓይነት አውሬ ነው? ለመሆኑ እናት አለው? ያን መልእክት የጻፈ እጁ ይቆረጥ!"

ጥቅሻ እጁን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አነሣ።

ያቺን ሌሊት ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች በልቡ ደጋገማቸው። ሲልካቸው እንደ ምክር የነበሩት አሁን በሌላ ሰው ጆሮ ሲሰማቸው ክው አደረጉት። "ቤትሽን አውቄዋለሁ።" ይሄ ምክር ነው? ሰላምታ አልጻፈ፣ ምክንያቱን አልጻፈ፣ እንዴት እንዳወቀ አልጻፈ። እንዳያስረዳ በሩ ተዘግቶበታል። በአራተኛው ቀን የሽቦ ብሩሽና አንድ ቆርቆሮ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ የፍርግርጉን ዝገት ልጠርግ ነው የመጣሁት እላለሁ ብሎ ለዘበኛው ያዘጋጀው ሰበብ ነው። ደረጃውን ወጥቶ አንኳኳ።

ከውስጥ ኮቴ ተሰማ። በሩ ላይ ያለችው ማያ ቀዳዳ ጨለመች። ከዚያ በሩ በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አለ፤ በስንጥቁ አንድ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ታዩ።

"ጥቅሻ ማለት አንተ ነህ?" አሉ።

ያዘጋጀው ቃል ሁሉ በነነ። ሽማግሌውን አይቷቸው አያውቅም።

"እንዴት አወቁኝ?"

"ከማገዴ በፊት ገጽህን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ፎቶህ አለ። አንድ ዐይንህ ተከድኖ ነው የተነሣኸው። ምን ልታደርገኝ መጣህ?"

ጥቅሻ ነገሩ ግር አለው። "እርስዎን አይደለም ጋሼ። እትዬን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ባለቤትዎ ናት? ልጅዎ ናት?"

ሽማግሌው ከስንጥቁ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። በስንጥቁ በኩል ክፍሉ ይታያል፦ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አንድ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ የስልክ ማቆሚያ፣ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥቁር ሻርፕ። ሌላ ሰው የለም። ጥቅሻ ሻርፑን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ እንደገና ሻርፑን አየ።

"አይሆንም!" አለ።

"ድምፅህን ቀንስ፤ ጎረቤት አለ" አሉና ሰንሰለቱን ፈቱለት።

ፍርግርጉን አሳያቸው። ስለ ተገለበጠው ቅጠል፣ ስለ ሃያ አራቱ መስኮቶች፣ ዛቻ ስለጻፈው ባል፣ የሚስቱ እርግማን እንዴት እንደገባበት ሳይቀር ዘከዘከላቸው። ሽማግሌው እየሰሙ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

"እኔ እኮ ያ ሰውዬ የላከህ መስሎኝ ነው። አራት ቀን ከበሩ ሥር ጥላ ስፈልግ ከረምኩ።"

"ታዲያ ስሜን ለምን አልለጠፉትም? ያውቁኝ ነበር።"

"ብለጥፈው ኖሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወርክሾፕህ ደጅ ሁለት መቶ ሴት ይሰለፍ ነበር። ማስረጃው አልተሟላም ብዬ ተውኩት።"

አነጋገራቸው የፍርድ ቤት ነበር፤ ሥራቸውም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ሠላሳ አራት ዓመት የቤተሰብ ችሎት ታይፒስት ነበሩ። ጥግ ላይ አረንጓዴ የጽሕፈት መኪና አሁንም ተቀምጧል። ሻይ አፍልተው ቀዱለትና ቁጭ አሉ።

"ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ትዳር ሲፈርስ ጻፍኩ" አሉ። "እሱ የሚለውን እጽፋለሁ፣ እሷ የምትለውን እጽፋለሁ። ሁለቱም አንድ ነገር እያሉ እንደሆነ እኔ እሰማለሁ፤ እነሱ አይሰሙም። አንድም ቀን 'ቆይ እስቲ' ማለት አይፈቀድልኝም። ጡረታ ስወጣ ያ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። በራሴ ስም ገጽ ከፈትኩ። በሁለት ዓመት አሥራ አንድ ተከታይ አገኘሁ። ሦስቱ የእህቴ ልጆች ናቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ አንዷ የእህቴ ልጅ ሻርፗን እዚህ ረስታ ሄደች።"

ጥቅሻ ሳቁ አመለጠው። ሽማግሌውም ፈገግ አሉ፤ ግን ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። ሴቶች ለወንድ የማይጽፉትን ለእትዬ እንደሚጽፉ፣ ይሄ ነገር አንዳንድ ቀን እንደሚከነክናቸው አልደበቁትም። "ስሜን ሸሸግኩ እንጂ ምክሬን አልዋሸሁም እላለሁ። ዳኛ ፊት ብቀርብ ግን ይሄ መከላከያ ያዋጣኛል አልልህም።" የሚጽፉላቸውን ሰዎች ግን እንደ ዐይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። ጥያቄውን ገልብጠው መልእክቱን ያጠፉታል። በቪዲዮ ከማንበባቸው በፊት ሁሉን ይቀይራሉ፤ ጠያቂዋ ሦስት ልጅ ካላት አንድ ያደርጉላታል፣ ባሏ ሾፌር ከሆነ ሰዓት ሠሪ ያደርጉታል፣ አማቷን አክስት ያደርጓታል። "ባልየው ራሱ ቢሰማው 'ይሄ ምስኪን ሰዓት ሠሪ' ብሎ እንዲያልፍ።"

"የሰውን ሁሉ ሸፍነው የራስዎን መስኮት ረሱ ማለት ነው" አለ ጥቅሻ።

"ረሳሁ።" ከተቀመጡበት ተነሡና ከጽሕፈት መኪናው አጠገብ ሁለት ወረቀት አንሥተው ሰጡት። "አንተ ደግሞ ይሄን ረስተሃል። ወደ ፖሊስ ከሄድኩ ብዬ ያዘጋጀሁት ነበር። ከገጽህ ላይ ነው የወሰድኩት፣ የራሴ አንድ ቃል የለበትም።"

ወረቀቱ በጥንቃቄ ታይፕ ተደርጎ ተራ ቁጥር ወጥቶለታል። ጥቅሻ በአውራ ጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከውሃ ማማው ጀርባ ያለ ባለ ሁለት ተካፋች በር፤ የቤት ቁጥሩ በግልጽ ይነበባል፤ መቀርቀሪያው ከውስጥ በኩል በሦስት ፎቶ ተነሥቷል። ሌላው ሥር እሱ ራሱ የጻፈው ማስታወቂያ፦ "የቤቱ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ በሥራ ምክንያት ራቅ ብለው ስለሚኖሩ በደንብ አጠንክረን ሠርተናል።" ሁለተኛው ገጽ ላይ የገዛ ሴት ልጁ፣ በዩኒፎርም፣ የትምህርት ቤቷ ስም ደረቷ ላይ ተጽፎ። ከሥሩ ደግሞ፦ "ከሐሙስ እስከ እሑድ ቤተሰባችን ለሽርሽር ስለሚሄድ ወርክሾፑም ቤቱም ዝግ ነው።"

ፊቱ ጋለ። እነዚያን ፎቶዎች የለጠፈው በኩራት ነበር። መቶ አርባ በር። የበያጅ ጌጡ ሌላ ምን አለ?

"እስካሁን አንድም ሰው አልተሰረቀም" አለ ቀስ ብሎ።

"እኔንም እስካለፈው ሳምንት ማንም አላገኘኝም ነበር።"

ከመሄዱ በፊት የተገለበጠውን ቅጠል ላስተካክልልዎ ብሎ ጠየቃቸው፤ ለስምንት ዓመት ሲከነክነው የኖረ ነገር ነው። ሽማግሌው እምቢ አሉ። ገና ከገቡበት ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚያዩዋት እሷን እንደሆነ፣ ሥራዋን ትታ ቤቷን የምታይ ሴት እንደምትመስላቸው ነገሩት። "አትንካት። ወንበሩን አዞራለሁ።"

ቅዳሜን ሙሉ ጥቅሻ ብየዳ አልነካም። ብረት ማስቀመጫው ላይ ተቀምጦ ፎቶ ሲያጠፋ ዋለ። ለያንዳንዱ ደንበኛ ደወለ። አንዷ "ያማረ በሬን ለምን ታወርድብኛለህ? ለእህቴ ያሳየሁት በሱ ነው" ብላ ተቀየመችው። አንዱ ሰውዬ ደግሞ ፎቶው መኖሩንም አያውቅ ነበር፤ "ከውስጥ በኩልም?" ብሎ ጠየቀ። "ከውስጥም" አለ ጥቅሻ፤ እሑድ ሄዶ መቀርቀሪያውን በነጻ ሊቀይርለት ተስማሙ። ከእንግዲህ በሮቹን የሚያነሣው ወርክሾፑ ወለል ላይ እንዳሉ፣ የማን እንደሆኑ ሳይታወቅ ነው። የልጁን ፎቶ ሲያጠፋ ልጁን ጠርቶ አሳያት።

"አባዬ፣" አለች፣ "እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥፋው እያልኩህ ነበር።"

"ብለሽኝ ነበር?"

"በየወሩ!"

እትዬ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሰች። ከሻርፑ ፊት አሁን ባዶ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ያ ዛቻ የሚጽፈው ባል ጥቂት ቀን ቀጠለና ጠፋ። ጥቅሻ ኋላ ላይ እንደሰማው ሽማግሌው ኮሜንቶቹን ከነቀናቸው ታይፕ አድርገው ፖሊስ ጣቢያ ወስደው ነበር። መርማሪው ወረቀቱን አይቶ፣ እሳቸውን አይቶ፣ ብዕሩን አስቀምጦ "እናቴ ትከተልዎታለች" አላቸው። ሰውየው ተጠርቶ ቃሉን ከሰጠ በኋላ አልጻፈም።

የተመለሰችበት ቀን ማታ ሚስቱ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ጥቅሻም ከዚያ በላይ አልቻለም።

"ያን መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ" አለ።

ጆሮዋን አላመነችም። እሱ ከፍርግርጉ ጀምሮ እስከ ሽቦ ብሩሹ ድረስ ነገራት፤ በሩ ከተከፈተበት በኋላ ያለውን ግን ዘለለው። ቁጣዋ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ፤ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

"ታዲያ አየሃት?"

"ይቅርታ ጠየቅኋቸው።"

"ምን ትመስላለች?"

"ጨዋ ሰው ናቸው። ሻይ አፈሉልኝ።"

"ስንት ዓመት ይሆናታል?"

"ገፋ ብለዋል።"

ሚስቱ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው። "ቆይ፣ ቆይ። ከመቼ ወዲህ ነው እትዬን አንቱ ማለት የጀመርከው?"

"ካየኋቸው ወዲህ።"

"አትነግረኝም ማለት ነው? ለእኔ እንኳ?"

"ለአንቺ በተለይ።"

በፎጣው ትከሻውን መታችው። ቀጥላ ሳህኖቹን እየሰበሰበች፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ እንደ ዋዛ "ጥሩ ነው" አለች። "እኔም ዓምና ምን ብዬ እንደጻፍኩላት አልነግርህም።"

"ጽፈሽላት ነበር? ስለ ማን?"

ውሃውን ከፈተችበት።

ከዚያ ወዲህ ጥቅሻ ምሳ ሰዓት ላይ ወርክሾፑን ገርበብ አድርጎ የእትዬን የዓምና ቪዲዮዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ ያያል። እራት ላይ የማይናገረው ልብስ ሰፊ ይሆን እንዴ? ወይስ ሚስቱን ሳይጠይቅ ወንድሙን ቤት ያስገባው አናጢ? ወይስ ያ ሲያኮርፍ ሬዲዮ የሚጠግነው ሾፌር? እስካሁን ሃያ ስድስት አይቷል። ሰባቱን እኔ ነኝ ብሎ ጠርጥሯል፤ በሁለቱ ጉዳይ ደግሞ፣ እሱ ይሁንም አይሁንም፣ እትዬ የመከረችውን መሞከር ጀምሯል።